ስለ ሊቢያው ሳልናገር መዳን እችላለሁ?

ሰላም እትዬ፣

ዓምድዎን ሌሊት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የ14 ወር ሴት ልጅ አለችኝ።

ከአገር የወጣሁት በመተማ ነው። ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ። በኒ ወሊድ በምትባል የሊቢያ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ቤተሰቦቼ ገንዘብ እስኪልኩ ድረስ ሰባት ወር ተይዣለሁ። እዚያ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም። አብራኝ የነበረች አንዲት ልጅ እዚያው አረፈች። ታማ ተኝታ ሳለ ለሁለታችን የተሰጠንን ውሃ ብቻዬን የጠጣሁበት ቀን አለ። በማግስቱ ሞተች። እኔ ነኝ የገደልኳት እላለሁ።

ስምንት ዓመት አልፎታል። ሥራ ቦታ ኃላፊያችን የቁልፍ ዘለላ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው። ድምፁ ከኮሪደሩ ሲመጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። የናፍጣ ሽታ ያስመልሰኛል። ቀን ልተኛ ስል እባንናለሁ። ባለቤቴ እጁን ሲያሳርፍብኝ እደነግጣለሁ። እሱ ደግሞ "አትወጂኝም" ይለኛል።

ጂፒዬ (የሰፈሬ ሐኪም) ፒቲኤስዲ ነው፣ ማለትም ያለፈ ክፉ ነገር ያተረፈብሽ የአእምሮ ሕመም ነው ብላ ወደ ቴራፒስት ላከችኝ። ቴራፒስቷ ኢኤምዲአር የሚባል ሕክምና ይሆንሻል አለች። ጣቷን ፊቴ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረገች "እንዲህ በዓይንሽ እየተከተልሽ ያንን ጊዜ ታስቢያለሽ" አለችኝ። ግራ ገባኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኛዬ ብነግራት "ይሄማ አፍዝ አደንግዝ ነው፤ አርፈሽ ጠበል ሂጂ" አለችኝ። በዚያ ላይ በስልክ ያስተረጎመልን ሰውዬ በድምፁ ሳውቀው የዚሁ ከተማ ሐበሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀጠሮ ቀርቻለሁ።

ልሂድ ወይስ ልተወው? እውነት ጣት እያዩ መዳን አለ? ሁሉንም ካልተናገርኩስ?

የቁልፍ ድምፅ የምትፈራው፣ ከሊድስ

* * *

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ቀጠሮ ያስቀረሽ ጣቱ ሳይሆን ይኸው ጥያቄ ይመስለኛል። አዎ፣ ሁሉንም ሳትናገሪ መታከም ትችያለሽ። ኢኤምዲአርን ከብዙዎቹ የሚለየው እንዲያውም አንዱ ይኸው ነው።

ሌሎች ጥሩ ጥሩ ሕክምናዎች አሉ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድትተርኪ፣ አንዳንዴም የራስሽን ድምፅ ተቀርጾ ቤትሽ ደጋግመሽ እንድትሰሚ ይጠይቃሉ። በዚያም መንገድ ብዙ ሰው ድኗል። አንቺ ግን ስምንት ዓመት አፍሽን ዘግተሽ የኖርሽ ሰው ነሽ። ኢኤምዲአር ላይ ቴራፒስቷ የምትፈልገው ርእሱን ነው። "መጋዘኑ፣ የውሃው ቀን" ብትያት ሥራ መጀመር ትችላለች። ዝርዝሩን በልብሽ ይዘሽ መሄድ ይቻላል። ቤት ወስደሽ የምትሠሪው ብዙ የቤት ሥራም የለውም። ለሌሊት ሠራተኛና ለሕፃን እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያላዩት ነገር ስለሚያስፈራ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ላሳይሽ። መጀመሪያ ስትሄጂ ጣት የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ለመተዋወቅ ናቸው። እንቅልፍሽን፣ ቤትሽን፣ ምን እንደሚያስደነግጥሽ ትጠይቅሻለች። ጭንቁ ሲነሳ ራስሽን የምታረጋጊበትን ዘዴ ታስተምርሻለች። ሰላም የሚሰጥሽ አንድ ቦታ በሐሳብሽ እንድትመርጪም ትጠይቅሻለች። ላንቺ የት ይሆን? የእናትሽ ጓዳ? አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ? ከአሁኑ አስቢበት። ሕክምናው ሲከብድ ተመልሰሽ የምትቀመጪበት ቦታ እሱ ነው።

ከዚያ የሚከብድሽን አንዲት ቅጽበት ትመርጫለሽ፤ ልክ እንደ አንድ ፎቶ። ያንን ፎቶ ስታይ ስለ ራስሽ ምን እንደምትዪ ትጠይቅሻለች። ያንቺን ደብዳቤሽ ላይ ጽፈሽዋል። በእሱ ፈንታ ስለ ራስሽ ምን ብታምኚ እንደምትወጂም ትጠይቅሻለች። ለጭንቁ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጪዋለሽ። ሰውነትሽ ላይ የቱ ጋ እንደሚሰማሽም ትናገሪያለሽ፤ ደረትሽ ላይ ነው? ጉሮሮሽ ላይ? ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዓይንሽ ጣቷን ይከተላል። ታቆማለች። "ተንፍሺ። አሁን ምን መጣ?" ትልሻለች። "ሽታው" ብቻ ብትያት ይበቃል። "በዚያው ቀጥዪ" ትልና ጣቷ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ቁጥሩ እየወረደ እስኪሄድ እንዲህ ነው የሚቀጥለው። አንድ ቀጠሮ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

አፍዝ አደንግዝ ላለችሽ ጓደኛሽ መልሱ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ፈዘሽ ወይም ደንዝዘሽ አይደለም የምትታከሚው። ዓይንሽ ተገልጦ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ የምትዪውን እያወቅሽ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የማቆሚያ ምልክት ትስማማላችሁ። እጅሽን ከፍ ካደረግሽ ታቆማለች። በቃ። ያ መጋዘን ውስጥ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሌላ ሰው ነበር። እዚህ ግን አንቺ ነሽ።

ጣቱን ማየት የሚያዞርሽ ከሆነ ወይም የዓይን ችግር ካለብሽ ንገሪያት። ጉልበት ወይም መዳፍ በየተራ መታ መታ በማድረግ፣ አለዚያም በአንዱ ከዚያም በሌላው ጆሮ በሚሰማ ድምፅ መሥራት ይቻላል።

አሁን ወደ ጣቱ ልምጣ። ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም። ትልልቅ ምሁራንም ጠይቀውታል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት መናፈሻ ውስጥ ስትራመድ አንድ ነገር አስተዋለች። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያስጨንቃት ሐሳብ ቀለል ይላታል። በ1989 በ22 ሰዎች ላይ የሠራችውን ጥናት አሳተመች። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱና ተደፍረው የነበሩ ሰዎች ነበሩበት። ብዙ ባለሙያ አላመናትም። አልፈርድባቸውም፤ ጣት አንቀሳቅሶ እንዲህ ያለ ቁስል መፈወስ ለጆሮ ይከብዳል። በ1999 የሃርቫርዱ ሪቻርድ ማክናሊ በዚህ ሕክምና ውስጥ የሚሠራው ነገር አዲስ አይደለም፣ አዲስ የተባለው ደግሞ አይሠራም ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንዱ "ሰው ይድንበታል ወይ?" የሚለው ነው። ሌላው "የሚያድነው ጣቱ ነው ወይ?" የሚለው።

የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል ተመልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለፒቲኤስዲ ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ ኢኤምዲአር ነው። አንቺ ያለሽበት አገር የጤና መመሪያ አውጪ፣ ናይስ የሚባለው ተቋም፣ በ2018 መመሪያው ክፉው ነገር ከደረሰ ከ3 ወር በላይ ለሆነው አዋቂ ይህ ሕክምና ይሰጠው ብሏል። በጦር ሜዳ ለደረሰ ጉዳት ግን ማስረጃው አላሳመነውምና ለይቶ አውጥቶታል። ይህን የምነግርሽ ዝም ብለው ሁሉን የሚያጸድቁ ሰዎች እንዳልሆኑ እንድታዪ ነው።

አንቺን የሚመስሉ ሰዎችም ተጠንተዋል። ቱርክ ውስጥ ኪሊስ በሚባል መጠለያ በነበሩ 70 ሶርያውያን ስደተኞች ላይ የተሠራ ጥናት በ2016 ታትሟል። ኢኤምዲአር ያገኙት ካላገኙት ይልቅ የሕመሙ ምልክት በግልጽ ቀሎላቸዋል። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ገና ጦርነት ላይ ነበር፤ የሚኖሩትም መጠለያ ውስጥ ነው። ቀደም ብሎ በ2007 የወጣ የ88 ሰዎች ጥናት ደግሞ ይህን ሕክምና ከአንድ የድብርት ክኒንና መድኃኒት ከሌለበት ክኒን ጋር አወዳድሮ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ኢኤምዲአር ያገኙት ክኒኑን ከወሰዱት የተሻሉ ነበሩ። በተለይ ጉዳቱ ካደጉ በኋላ የደረሰባቸው በጣም ተጠቅመዋል። አንቺም ወደ ሊቢያ ስትሄጂ ያደግሽ ሰው ነበርሽ። ግን ሁሉም ሰው ይድናል ብዬ አልዋሽሽም። የማይሆንለት አለ። ለእሱም ሌላ መንገድ አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል። በ2001 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ዓይን ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም ውጤቱ ያው ነው አሉ። በ2013 ሌሎች እንደገና ሲደምሩት ደግሞ የለም፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ የራሱ ድርሻ አለው አሉ። ብዙ ሰው ዛሬ የሚቀበለው ማብራሪያ እንዲህ ነው። አእምሯችን ለጊዜው ነገር የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ነው። ትንሽ ረከቦት አድርገሽ አስቢው፤ የሚችለው ጥቂት ስኒ ብቻ ነው። ጣት መከተል ግማሹን ቦታ ይይዛል። ትዝታው እንደ ልቡ ተንሰራፍቶ የሚቀመጥበት ያጣል። ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ጩኸቱ ይቀንሳል። ተመልሶ ሲቀመጥም እንደ ወጣው ሆኖ አይመለስም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዩትሬክት ላይ ይህን ለዓመታት ያጠኑ ሰዎች አሉ። ሌላም አእምሮን የሚይዝ ሥራ፣ ለምሳሌ ቁጥር ወደ ኋላ መቁጠር፣ ትዝታን እንደሚያደበዝዝ አይተዋል።

ብትፈልጊ ቤትሽ ሞክሪው። ግን በሊቢያው አይደለም፤ አደራ! ያንን ብቻሽን አትንኪው። ትንሽ ነገር ምረጪ፤ አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው ያመናጨቀሽን ቀን ለምሳሌ። ፊቱን በደንብ በዓይነ ሕሊናሽ ያዢውና ከ100 ጀምረሽ 7 እየቀነስሽ ቁጠሪ። 93፣ 86፣ 79። ፊቱን ሳይጠፋብሽ መቁጠር ትችያለሽ? አብዛኛው ሰው አይችልም።

አሁን ስለዚያች ልጅ። እዚህ ላይ ስደርስ ጽሑፌን አቁሜ ቆየሁ። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም" ብዬ ላልፈው አልፈልግም። እንዲህ ብልሽ ለአፌ እንጂ ለልብሽ አይደርስም። ግን ልጠይቅሽ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ውሃ ለሁለት ሰው የሚለካው ማን ነበር? በሩን የሚቆልፈውስ? ሐኪም የከለከላት ማን ነው? በዚያ ቀን ያንቺ ከንፈር ምን ያህል ደርቆ ነበር? ደግሞስ፣ እሷ ብትተርፍና አንቺ ብትሞቺ፣ ስለ ውሃው ምን ብለሽ ትፈርጂባት ነበር?

መልሱን ለእኔ አትጻፊ። እነዚህ ጥያቄዎች በጭንቅላት ሲመለሱና በሰውነት ሲመለሱ ይለያያሉ። አንቺም በጭንቅላትሽ ገዳይዋ ማን እንደሆነ ሳታውቂው አትቀሪም። ሰውነትሽ ነው እምቢ ያለው። ይህ ሕክምና የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ትዝታው አይጠፋም። እሷንም አያስረሳሽም። ብዙ ሰዎች ከሕክምናው በኋላ ያንኑ ነገር ሲያስታውሱት "አለፈ" የሚል ስሜት አብሮት ይመጣል ይላሉ። ላንቺ ግን እስካሁን አላለፈም። ቁልፉ በተንቀጫቀጨ ቁጥር አሁን እየሆነ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መጠየቅ አለብኝ። "እኔ ነኝ የገደልኳት" የሚለው ሐሳብ "እኔም መኖር የለብኝም" ወደሚለው ያደርስሻል? እንዲህ የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። 111 ደውለሽ 2ን ተጫኚ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግርሻል። 116 123 ደግሞ ሳማሪታንስ ናቸው፣ የተጨነቀ ሰው በስልክ የሚያዳምጡ፤ ሌሊትም ያነሳሉ፣ በነጻ ነው። ራስሽን የምትጎጂ ከመሰለሽ ወደ ድንገተኛ እርዳታው፣ 999 ደውዪ። ለቴራፒስቷም ንገሪያት። እንዲህ ያለውን መስማት ሥራዋ ነው፤ አትደነግጥብሽም።

ስለ አስተርጓሚው የተሰማሽ ስጋት ልክ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ያለ ሐበሻ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ሰውየው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ቢያወራ ልትከሺው ትችያለሽ። ግን ይህን ማወቅሽ አፍሽን አይከፍተውም፣ ይገባኛል። ስለዚህ ሌላ ጠይቂ። ኤንኤችኤስ፣ ማለትም የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ ውስጥ፣ አስተርጓሚ በነጻ ነው። ሴት ትሁንልኝ ማለት ትችያለሽ። ከሌላ ከተማ በስልክ ትሁንልኝ፣ ስሜ አይነገር ማለት ትችያለሽ። ያ ሰው ደግሞ እንዳይመጣ ማለትም መብትሽ ነው፤ ምክንያቱን መዘርዘር የለብሽም። ጓደኛ ወይም ባለቤትሽ እንዲያስተረጉም ግን አትፍቀጂ።

ሌላም የሚያግዝሽ ነገር አለ። ዓይንሽ ጣቷን እየተከተለ ሳለ በልብሽ የምታስቢው በአማርኛ ነው። ያንን ማንም መተርጎም የለበትም። ጮክ ብለሽ የምትዪው ጥቂት ቃል ነው። እንግሊዝኛሽ ሥራሽን የሚያሠራሽ ከሆነ፣ መግቢያውን በአስተርጓሚ ጨርሳችሁ ዋናውን ክፍል ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ልትሞክሩት ትችሉ ይሆናል። ጠይቂያት።

ጠበሉስ? ሂጂ እንጂ! ማን ከለከለሽ? "ወይ ይሄ ወይ ያ" ያለው ሐኪሙ አይደለም፤ ጓደኛሽ ናት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አይጋጩም፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው አስተምረው ነበር። ስንቱን ሰው ከሞት እንዳተረፉት! ያንቺም ከዚያ የተለየ አይደለም። ጓደኛሽ በክፋት የተናገረች አይመስለኝም፤ ስለምትወድሽ ፈርታልሽ ነው። ነገሩን ለንስሐ አባትሽ አንሺላቸው። የምትመርጪው ሰላማዊ ቦታ የጠበሉ ስፍራ ቢሆን እንኳ ቴራፒስቷ ደስ ይላታል እንጂ አትቃወምም።

ቀጠሮውን ነገ ጠዋት ከሥራ ስትወጪ፣ ሳትተኚ ደውዪበት። ከተኛሽ ይተላለፋል። "ሁለት ጊዜ የቀረሁት ሕክምናውን ስላልፈለግኩ አይደለም። አስተርጓሚውን ስላወቅኩት ፈርቼ ነው። ሴት አስተርጓሚ ከሌላ ከተማ እፈልጋለሁ" በያቸው። ይህችን ወረቀት ላይ ጽፈሽ እያየሽ አንብቢ። ምናልባት ከዝርዝር አውጥተውሽ ቢሆን እንኳ አትደንግጪ። እንግሊዝ ውስጥ ኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ የሚባለው አገልግሎት ጋ ጂፒ ሳይልክሽ ራስሽ መመዝገብ ትችያለሽ። ወረፋው ሊያስጠብቅሽ ይችላል፤ ቢሆንም ተመዝገቢ።

ስትገናኙ የምትጠይቂያት ይኑርሽ። ኢኤምዲአር የት ሠለጠንሽ? የሚከታተልሽ አለቃ አለሽ? እንደ እኔ በሊቢያ ያለፈ ሰው አክመሽ ታውቂያለሽ? ጥሩ ቴራፒስት በዚህ አትቀየምም። ስንት ቀጠሮ እንደሚሆንም ጠይቂ። የናይስ መመሪያ በተለመደው ከ8 እስከ 12 ይላል፤ ብዙ ክፉ ነገር ላየ ሰው ግን ከዚያ በላይ ይሁን ይላል። ሰባት ወር አንድ ቀን አይደለምና ባጭሩ እንዳይቆርጡብሽ ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት።

ከቀጠሮ በኋላ ያለውን አንድ ሁለት ቀን ጠንቀቅ በዪ። ሕልም ሊበዛ፣ ያልጠበቅሽው ትዝታ ሊመጣ፣ እንባ እንባ ሊልሽ ይችላል። ባሰብኝ ብለሽ እንዳትሸሺ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ። በዚያን ቀን ሌሊት ፈረቃ አትግቢ፤ ከእረፍት ቀንሽ ጋር አስማሚው። የሚመጣብሽን ነገር በአንድ መስመር ማስታወሻ ያዢና ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽላት ሂጂ። በጣም ከከበደሽ እንድትቀንስልሽ ንገሪያት። ፍጥነቱ ያንቺ ነው።

ለኃላፊሽም አንድ ነገር በያት። ሊቢያን ማንሳት የለብሽም። "የቁልፍ ድምፅ በጣም ያስደነግጠኛል፤ ኪስሽ ውስጥ ብታደርጊው" ብትያት ይበቃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር እሺ ይላል። ሕክምናው እስኪሠራ ድረስ በየሌሊቱ ጉልበትሽ የሚከዳበት ምክንያት የለም።

ባለቤትሽን ነው አስቤ አስቤ ያልጠገብኩት። "አትወጂኝም" ሲልሽ እሱም ተጎድቶ ነው። አንቺ የምትሸሺው መጋዘኑን ነው፤ እሱ ግን የሚያየው እጁን ስትሸሺ ነው። ሁሉን ንገሪው አልልሽም። ያ ያንቺ ነው፤ ቢሆንም በጊዜው፣ ባይሆንም ባይሆን። ግን ይህችን ያህል ብትነግሪውስ? "መንገድ ላይ ክፉ ነገር ደርሶብኛል። ስትነካኝ የምደነግጠው ባንተ አይደለም፤ ሰውነቴ ነው። ሕክምና ጀምሬአለሁ። ዝርዝሩን አትጠይቀኝ። ከመንካትህ በፊት ግን ስሜን ጥራኝ።" የመጨረሻዋን አትርሺ። ስምሽን ሰምተሽ ዞር ብለሽ አይተሽው ሲነካሽ ሌላ ነው።

ደሞ እሱስ በየት ነው እንግሊዝ የገባው? አልጻፍሽልኝም። በዚያው መንገድ ከሆነ አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ይሆናል። በአውሮፕላን የመጣ ከሆነ ደግሞ ዜና ላይ ያየውን ሰምቶ ምን እንደሚገምት አታውቂም። አንድ ቀን ሕፃኗ ስትተኛ፣ ቡና አፍልተሽ፣ ያቺን አጭር ነገር በያትለት።

አንድ የቀረኝ አለ። ያቺ ልጅ እዚያ ስታርፍ ማን ቀበራት? ፍትሐት ተደረገላት? ሕክምናው የማይነካው ኀዘን ውስጥሽ ያለ ይመስለኛል፤ ስምንት ዓመት ያላለቀስሽው ለቅሶ። ክርስቲያን ከነበረች፣ ሕክምናው ትንሽ ሲያበረታሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ጸሎቱንም ተዝካሩንም እዚያው ሊድስ ማድረግ ይቻላል። ዳቦና ጠላም ባይሆን፣ ዳቦና ሻይ ይበቃል። የክርስትና ስሟን ታስታውሻለሽ?